ለክቻለሁ ያልሁት እንጨት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኋትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም። ጾም የገደፍሁበትን፣ ጎረቤቴን በቁጣ የዘለፍሁበትን፣ በሰንበት ሥራ የሠራሁበትን ሁሉ አንድ በአንድ አቅርቤላቸዋለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኝ ነበር። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ፤ መስቀል ተሳልሜ ቀና ብዬ እወጣለሁ። ሌላ ነበር። ትንንሾቹን ኃጢአቶች የምናዘዘው ትልቁን ለመሸፈን ነበር።

አሁን የምጽፈው ለማታውቁኝ ለእናንተ ነው። ፊታችሁን ስለማላይ ይቀለኛል። ይህም ራሱ ፈሪነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ከነፈሪነቴም ቢሆን ግን ልናገር። አንድ ሰው አሳስሬአለሁ። ከእስርም የከፋ ነገር አድርጌበታለሁ። ነገሩ ሁሉ የጀመረው በአንዲት ቃል ነው፤ «ለክቻለሁ» ባልሁበት ቃል።

ስሜ አንለይ ነው። በደርግ ዘመን መጨረሻ ዓመታት ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የሕንጻ ሥራ መሥሪያ ቤት ፕላን ነዳፊ ነበርሁ። አባቴ በጣና ዳር ካሉት ደብሮች በአንዱ ድጓ ያስተምሩ ነበር፤ እኔን ከደብሩ ያወጣኝ የቁጥር ፍቅር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን አልጨረስሁም። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ብቻዬን ከመጽሐፍ ነው የተማርሁት፤ እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት፣ ሒሳቡን ጥርሴን ነክሼ። በዚህ እኮራ ነበር። መኩራት ብቻ አይደለም፤ ሰውን ሁሉ የምመዝነው በዚሁ ነበር። ሰነፍ አልወድም ነበር፤ ውሸታም ደግሞ ጭራሽ። ልጆቼ ደጃፍ ላይ ኮቴዬን ሲሰሙ ድምፃቸውን ይቀንሱ ነበር። ያን ጊዜ አክብሮት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ለመሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተር መጣ። ዕርዳታ ነው ተባለ። ከመካከላችን ከዚያ በፊት በዓይኑ ያየ አልነበረም። በጥቁር መስተዋት ላይ አረንጓዴ ፊደል የሚጽፍ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የነገሩትን ሁሉ የሚረሳ ሳጥን ነው። አብሮት የሕንጻን ጥንካሬ የሚያሰላ ፕሮግራም መጣ። ምሰሶውን፣ ወጋግራውን፣ የሚሸከመውን ክብደት ትነግረዋለህ፤ እሱ ደግሞ የትኛው እንጨት ምን ያህል ጭነት እንደሚበረታበት፣ የትኛው ምን ያህል እንደሚጎብጥ ይነግርሃል። መመሪያው ወፍራም ነበር። አለቃዬ ኢንጂነር ፍቃዱ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ሰው ነው፤ ነገር ግን ሥራ ስለበዛበት ለማንበብ ጊዜ አልነበረውም። እኔ ወሰድሁት። ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ከዚያ በኋላ በሳጥኑ ፊት የምቀመጠው እኔ ብቻ ሆንሁ። አናጢዎቹ «የአንለይ ጠንቋይ» ይሉት ጀመር። በአፌ እቆጣለሁ፤ በልቤ ደስ ይለኝ ነበር።

ያ ፕሮግራም ስለ ሕንጻው ቅርጽ ከመጠየቁ በፊት ስለ ሌላ ነገር ይጠይቃል። የምትሠራው በምንድን ነው? ጠባዩስ እንዴት ነው? ሲጫኑት ምን ያህል ይጎብጣል? ጭነቱ ሲነሣለት ወደ ቦታው ይመለሳል ወይስ እንደ ጎበጠ ይቀራል? ጭነቱ ሲከርምበት ባለበት ይጸናል ወይስ ቀን በጨመረ ቁጥር እየጎበጠ ይሄዳል? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቁጥር ታስገባለህ። የመጨረሻውን ባዶ ከተውኸው ይህ ነገር አይደክምም ብሎ ይወስደዋል። አይከራከርህም። ብረትን ቅቤ ነው ብትለው እንደ ቅቤ ያሰላልሃል፤ ቅቤን ብረት ነው ብትለውም እንደ ብረት። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። አላወቅሁም የምልበት መንገድ የለኝም።

በዚያው ዓመት በሐይቁ ዳር ለዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር መጋዘን እንድንሠራ ታዘዝን። ዓሣ የሚበለትበት፣ መረብ የሚሰቀልበት፣ ጀልባ እየተጎተተ ገብቶ የሚጠገንበት ሰፊ ቤት ነው የተፈለገው፤ ስለዚህ መሐሉ ላይ ምሰሶ እንዳይኖር ተባለ። ብረት አልነበረም። ብረት ሁሉ ወደ ጦር ሜዳ የሚሄድበት ጊዜ ነበር። የነበረው ባሕር ዛፍ ነው። የአብዮት በዓል ሳይደርስ መጠናቀቅ አለበት፣ እንግዶች ይመርቁታል ተባለ።

እዚህ አገር ባሕር ዛፍ የሚመታው እርጥቡን ነው። ጠዋት የተቆረጠው ከሰዓት በኋላ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ከደረቀ ሚስማር አይገባለትም፤ ወይ ሚስማሩ ይታጠፋል ወይ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ለጭቃ ቤት ይህ ምንም ጉዳት የለውም። ግድግዳው ቅርብ ነው፤ ጣሪያው ትንሽ ቢያጎነብስ የሚደግፈው አያጣም። የእኛ ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለ ምሰሶ የሚዘረጋ ነበር። አጣናው ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ካለችው ከመሸንቲ ዙሪያ ተቆርጦ በመኪና ሲመጣ ልጡ ከሥሩ ውኃ ያወጣ ነበር።

ስለ እርጥብ ባሕር ዛፍ ጠባይ የማውቀው ቁጥር አልነበረኝም። የነበረኝ አንድ የውጭ አገር መጽሐፍ ነው። በሰንጠረዡ ላይ ባሕር ዛፍ የሚል አለበት፤ ያ ግን የሌላ አገር ዛፍ ነው፤ ያረጀ፣ የወፈረ፣ ተሰንጥቆ በጥላ ሥር የደረቀ። የእሱን ቁጥር አስገባሁ። የመጨረሻውን ጥያቄ ባዶ ተውሁት። ሳጥኑ ቆየት ብሎ ጣሪያው ይችላል አለ።

ወረቀቱን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ጓድ ታከለ ቢሮ ገባሁ። ኢንጂነር ፍቃዱም እዚያ ነበር። ወረቀቱን ወደ ላይ ወደ ታች አየና ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አቆመ።

«ይህቺን የእንጨቱን ቁጥር ከየት አመጣሃት?»

ክፉ ሰው አልነበረም። መጠየቅ ሥራው ነው። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። አንተ ዲግሪ የሌለህ ሰው ይህን ማን ሰጠህ ሲለኝ ሰማሁ። አላለም። እኔ ሰማሁ። ጓድ ታከለ ከጠረጴዛው ማዶ ያየኛል። ከመጽሐፍ ነው ብል፣ የአገራችንን እንጨት አልለካሁም ብል ምን ይደርስብኝ ነበር? ምንም። «እንግዲያ ሂድና ለካ» ይለኝ ነበር። ሥራው ይዘገያል። በዓሉ ያልፋል። ሥራ አስኪያጁ ያጉረመርማል። ይኸው ነው።

«ለክቼ ነው» አልሁ።

«የአገሩን አጣና?»

«የአገሩን አጣና። ለክቻለሁ።»

«ከለካህማ ምን ቀረ!» አለና ፈረመ።

ጓድ ታከለ ሳቀ። «ኮምፒዩተር እንደሆነ አይዋሽም» አለ።

አይዋሽም፤ እውነቱን ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ከዚያስ? ከዚያማ እንደማንኛውም ውሸታም ውሸቴን እውነት ላደርገው ተነሣሁ። ከመጣው አጣና አንዱን ወደ ቤቴ ወሰድሁ። በጓሮዬ በሁለት የድንጋይ ክምር ላይ አጋደምሁትና መሐሉ ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ አንጠለጠልሁበት። ልለካ፤ ዘግይቼም ቢሆን ልለካ። ትንሽ ጎበጠ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። በማግሥቱ ሳየው ጨምሯል። ከሰነበተ በኋላ ሳየው ደግሞ ጨምሯል። ጆንያው ላይ አሸዋ የጨመረ የለም። እንጨቱ ግን እየደረቀ እየጎበጠ፣ እየጎበጠ እየደረቀ ወረደ። ጆንያውን ባወርድለት ወደ ቦታው አልተመለሰም። ባለቤቴ ሰብለ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አየችው።

«ይህን ሽማግሌ ደግሞ ከየት አመጣኸው?» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም።

በዚያ ቀን ጣሪያው ገና አልተመታም። ይህን ልብ በሉልኝ። አጣናው መሬት ላይ ተከምሮ ነበር። አንድም ሚስማር አልገባበትም። ሄጄ ተሳስቻለሁ ብል የሚወድቀው የእኔ ክብር ብቻ ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? መጋዝ አምጥቼ ያን የጎበጠ እንጨት ቆራረጥሁትና ለማገዶ ሰጠሁ። ሰብለ ወጥ ሠራችበት። ያን ወጥ ጎርሼ ዋጥሁ።

በዚያው ሰሞን ልጄ ባያብል የፋኖስ መስተዋት ሰብሮ «ድመት ናት» አለኝ። በጠጠር ላይ አንበረከክሁት። «የሰበርኸውን እገዛለሁ፤ ያጎደልኸውን እውነት ግን የምገዛበት ገበያ የለም» አልሁት። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ልጁ አለቀሰ፤ እኔ ደግሞ ደኅና አባት እንደሆንሁ ተሰማኝ። ምን ዓይነት ልብ ነው ይህን የሚችል? የእኔ ልብ ነው። ሌላ ሰው ላይ ልጥለው አልችልም።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ። እስካሁን ዙሪያውን የምዞረው እሱን መጥራት ስለ ከበደኝ ነው።

የአናጢዎቹ አለቃ የመሸንቲው አያ ይስማው ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል። በመሸንቲ ዙሪያ ካሉት ቤቶች የእሱ እጅ ያላረፈበት ጥቂት ነው። ቀልደኛ ነበር፤ ከሥራ በፊት አናጢዎቹን አስቆ ነው የሚያስጀምራቸው። አጣናው እየተላጠ ሳለ ጠራኝ።

«አንለይ፣ እኔ ይህን ያህል ርዝመት መትቼ አላውቅም። እውነቴን ነው የምልህ። ያ ጠንቋይህ ምን ይላል?»

«ጠንቋይ አይደለም፤ ሒሳብ ነው።»

«እሺ፣ ሒሳቡ ምን ይላል?»

«ይችላል።»

«አጣናችንን አይቶታል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«ካልቻለ ጠንቋዩን ራሱን መሐል ላይ ምሰሶ አድርገን እናቆመዋለና!» አለ አንዱ አናጢ ከበስተኋላ፤ ሁሉም ሳቁ። አያ ይስማውም ሳቀ። ከዚያ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አንተ ካልህ ይሁን። እኔ የማውቀው መምታት ነው» አለኝ።

አንተ ካልህ። በሳጥኑ አላመነም፤ ሳጥኑን አያውቀውም። ያመነው እኔን ነው። እኔ ደግሞ የተቆራረጠውን እንጨት በጓሮዬ ከምሬ ነበር የመጣሁት።

መጋዘኑ ለበዓሉ ደረሰ። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። ጓድ ታከለ በንግግሩ መሐል ስለ ኮምፒዩተሩ አነሣ፤ ሰዎች ዞረው አዩኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሣሁ።

ጥር ላይ አያ ይስማው ቢሮዬ ድረስ መጣ። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንለይ፣ ያቺ ቤት ወገቧን ይዟታል።»

ሄጄ አየሁ። አናቱ መሐል ላይ ሰርጎድ ብሏል። ገና ብዙ አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው ግን ያየዋል። እኔ አውቅ ነበር። በጓሮዬ ቀስ እያለ ሲወርድ ያየሁት ያው ጉብጠት ነው። ያን ጊዜም ጊዜ ነበረ። ምሰሶ አስገቡበት፣ ቆርቆሮውን አውርዱለት ማለት እችል ነበር። ነገር ግን «ለምን?» ብለው ይጠይቁኛል። ለዚያ ለምን መልሱ አንድ ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተብሎ ነበር። «ቆርቆሮውን ቀስ ብለህ አንሣና ቆርቆሮው ከሚመታበት ከሞራሌው ሥር ሽብልቅ አስገባበት» አልሁት። «መስመሩ ቀጥ ይበል።»

«ይህ መደበቅ አይሆንም?»

«ማስተካከል ነው። እንጨት እኮ ሲደርቅ ይቀመጣል፤ የሚጠበቅ ነው።»

የሚጠበቅ ነው አልሁት። ትንሽ አየኝና ሄደ። ሽብልቁን አንድ በአንድ ጠርቦ አስገባ። እንዴት አሳምሮ እንደሠራው! ከታች ቆሞ የሚያይ ሰው አናቱን በክር የተለካ ይለዋል። ጎብኚዎቹ መጡ፣ አዩ፣ ሄዱ።

በተከታዩ ክረምት በአንድ እሑድ ጠዋት ከሐይቁ ላይ የተነሣ ነፋስ በረዶ ይዞ መጣ። ጣሪያው መሐል ለመሐል ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገባ። አስጋሪዎቹ ቅዳሴ ላይ ስለነበሩ ሰው አልሞተም። መረቡና ጀልባው ብቻ ከሥር ቀረ። «ሰው አልሞተም» የሚለውን እንደ መድኃኒት ስውጠው ኖሬአለሁ። በሽታዬን ግን አልነካውም።

በዚያ ዘመን የመንግሥት ሕንጻ እንዲሁ አይወድቅም። የጣለው ሰው መኖር አለበት። የወንጀሉም ስም አስቀድሞ ይታወቃል፤ አሻጥር ነው። ኢንጂነር ፍቃዱ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ ነበር። ሥራ አስኪያጁን ደፍሮ የሚጠይቅ የለም። የቀረነው እኔና አያ ይስማው ነን። ከአውራጃው ካድሬ መጣ፤ ወጣት ነው፤ ጫማው ላይ ጭቃ እንዳይነካው ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ እየተራመደ ፍርስራሹን አየ። ሽብልቆቹን አገኘ። አንዱን በእጁ እያገላበጠ ወደ እኛ መጣ።

«ይህን ያስገባው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ አያ ይስማው።

«ጉድለቱን ለመሸፈን?»

«አንለይ አስገባ አለኝ፤ አስገባሁ።»

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ አንለይ፣ አዝዘኸዋል?»

አያ ይስማው አየኝ። አልለመነኝም። ፊቱ እንዲያውም ዘና ያለ ነበር፤ አሁን ይነግራቸዋል፣ ነገሩ ያልቃል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው።

«አላዘዝሁም» አልሁ።

«ሒሳቡስ?»

«ሒሳቡ ትክክል ነው። እንጨቱን ለክቻለሁ።»

የአያ ይስማው ፊት ወዲያው አልተለወጠም። የሰማውን ለማመን ጊዜ ፈጀበት። ያ ጊዜ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ ረዥሙ ነው። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀና ወደ ሐይቁ ዞሮ ቆመ። በመኪና ወሰዱት።

ፈርቼ ነበር? ፈርቼ ነበር። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቅ ነበር። በዚያ ዘመን ፈርቶ የዋሸ ሰው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ደጋግ ሰዎችም ዋሽተዋል። ይህን ሰበብ ስንት ጊዜ ለራሴ እንዳቀረብሁ ባወቃችሁ! ነገር ግን ሰበቡ አይቆምልኝም። ፍርሃቱ የመጣው በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ውሸት ስዋሽ በራሴ ላይ የተደገነ ነገር አልነበረም። የተደገነብኝ የአንድ ሰው ጥያቄ ነበር። እንጨቱን ስቆራርጥ ያዘዘኝ ካድሬ አልነበረም። ዘመኑን ልከስስ እችላለሁ፤ ዘመኑም የሚከሰስበት ብዙ አለው። ይህ ግን የዘመኑ አይደለም። የእኔ ነው።

አያ ይስማው ታስሮ ቆየ። አልጠየቅሁትም። ባለቤቱ የሺ ስንቅ ይዛ ከመሸንቲ ስትመጣ በመንገድ ሳያት በሌላ ቅያስ እታጠፍ ነበር። አንድ ቀን ቅያስ በሌለበት አገኘችኝ። አገልግሏን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችና አለፈች። በዚያው ዓመት እኔ ዕድገት አገኘሁ። ተቀበልሁ።

ከተፈታ በኋላ ነው የከፋው የመጣው። ከዚህ በላይ የጻፍሁትን ሰው ሊረዳልኝ ይችል ይሆናል። ከዚህ በታች ያለውን እኔም አልረዳውም።

ያን ጊዜ የመንግሥቱ ጉልበት ላልቷል። ያ ካድሬ የት እንደገባ አይታወቅም። ስለ መጋዘኑ የሚጠይቅ፣ የሚያስታውስም አልነበረም። ስኳርና ሳሙና ይዤ መሸንቲ ሄድሁ። ልነግረው ነበር የሄድሁት። በመንገድ ላይ ቃላቱን ሳጠናቸው ነበር።

የሺ ደጃፍ ላይ ተቀበለችኝ።

«ምነው አንለይ፣ መንገድ ጠፋህ?»

«እንደምን ሰነበታችሁ ብዬ ነው።»

«እኛማ ሰነበትን። ያ ሳጥንህስ እንዴት ነው? ጣሪያ አልወደቀበትም?»

«ተይ እንጂ የሺ፣ እንግዳ ነው» አለ አያ ይስማው ከውስጥ። «ግባ አንለይ፣ ግባ።»

ከስቷል። ያስለዋል። ግድግዳው ላይ መጥረቢያውና መሮው ይንጠለጠሉበት የነበረው ችካል ባዶ ነበር። መደብ ላይ አስቀመጠኝ። ጠላ ቀዳልኝ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ከዚያ የሺ እንስራዋን ይዛ ውኃ ልትቀዳ እስክትወጣ ጠበቀና ጠጋ አለኝ።

«የዚያን ቀኑን ትቼዋለሁ» አለኝ። «ልጆች አሉህ። እኔም በአንተ ቦታ ብሆን ምን እንደምል እንጃ። እሱን ተወው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ አንተ የተማርህ ነህ። ምን ላይ ነው የሳትሁት?»

«ምኑን?»

«ጣሪያውን ነዋ። እዚያ ሆኜ በሐሳቤ ስመታው ስነቅለው፣ ስመታው ስነቅለው ነው የከረምሁት። ማያያዣው ነው የለቀቀኝ? ሚስማር አሳነስሁ? አናቱን አዛብቼው ነበር? ንገረኝ፤ አልቀየምህም። ሳላውቀው እንዳልሞት ብዬ ነው።»

በዚያ ፍርስራሽ ውስጥ ከካድሬው በፊት የገባሁት እኔ ነኝ። ወጋግራውን አንድ በአንድ አይቼዋለሁ። የተሰበረው መሐሉ ላይ ነው፤ እንጨቱ ደክሞ ጎብጦ በቃኝ ያለበት ላይ። ማያያዣዎቹ አንዱም አልለቀቀም። መሬት ወድቀው እንኳ እንደተያያዙ ነበሩ፤ ሊለያዩዋቸው የሞከሩት ሠራተኞች በዲጂኖ ነው የታገሏቸው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እሱ ደግሞ ፊቴ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

በዚያ ቤት ውስጥ የሚያስፈራኝ ማንም አልነበረም። ካድሬ የለም፣ ሥራ አስኪያጅ የለም። በሽተኛ ሰውና እኔ ብቻ። መልሱም አጭር ነው፤ አንተ አልሳትህም፣ እንጨቱን አልለካሁም።

«እንጃ አያ ይስማው» አልሁት። «ሲወድቅ ሁሉም ተደባልቆ ነበር። ለማወቅ ያስቸግራል።»

ራሱን ነቀነቀ። እጆቹን ገልብጦ አያቸው።

«ማያያዣው ይሆናል» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። «አዎ፤ ማያያዣው ነው።»

ለምን? ስንት ዓመት ራሴን ጠይቄአለሁ። መልሱን ካገኘሁት ቆይቷል፤ መናገሩ ነው ያቃተኝ። ፈሪ መሆኔን ይቅር ብሎኝ ነበር። ፈሪ ሆኜ በፊቱ መቀመጥ ችዬአለሁ። ያልቻልሁት ያልለካ ሰው ሆኖ መቀመጥን ነው። «አንተ የተማርህ ነህ» ብሎኝ ነበርና ያቺን ቃል ልመልስለት አልፈለግሁም። ለእሷ ስል የሰውየውን እጅ ወሰድሁበት። ጠላውን ጨርሼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ስኳሩን ተቀብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ።

አያ ይስማው ከዚያ ወዲያ ጣሪያ አልመታም። ጎረቤቶቹ ቤት ሲሠሩ ቢጠሩት «የእኔ እጅ ይጥላል፤ ሌላ ፈልጉ» ይላቸው እንደነበር ሰምቻለሁ። በቀልድ ይለዋል አሉ። መንግሥት ሳይለወጥ ሞተ። ቀብሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከአጠገቤ አንድ ሽማግሌ «ደግ ሰው ነበር፤ ያቺ ጣሪያ ነች ያዋረደችው» አሉ። እኔም እንደ አልቃሾቹ አንገቴን ደፋሁ። በዚያም ቀን አፍ ነበረኝ።

ካህን ይፈታኝ ይሆናል። ሄጄም እናዘዛለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ልሸሸው አልችልም። ከእናንተ ግን ይቅርታ አልለምንም። ይቅርታ ሊያደርግልኝ የሚችለው ሰው አንዴ አድርጎልኝ ነበር፤ ያደረገልኝም የበደልሁትን ግማሹን ብቻ አውቆ ነው። ግማሽ አውቆ የማረኝን ሰው ይቅርታ ሙሉ አድርጌ ልወስደው አልችልም።

የምለምናችሁ ሌላ ነው። መሸንቲ ብትሄዱ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ስሙን ያነሡታል፤ ጣሪያ የወደቀበት አናጢ ይሉታል። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ይህን እየሰሙ ነው ያደጉት። እዚያ ከደረሳችሁ፣ ወይም ከዚያ የመጣ ሰው ካገኛችሁ፣ እንዲህ በሉልኝ፦ የይስማው ማያያዣዎች አንዳቸውም አልለቀቁም። ያን ጣሪያ የጣለው አንለይ ነው፤ እንጨቱን አልለካም ነበር፤ ይህንንም እያወቀ ዝም አለ።